ፈቃዱ ሞያሌ ላይ ያበቃል፦ ስለ ፊንቴክና ስለ ደንቡ የከፈትኩት ክር

ባለፈው ሳምንት ይህን ክር የከፈትኩት ተናድጄ ነው። አራት ሆነን ቦሌ አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ የክፍያ መተግበሪያ እየሠራን ነበር። አዲስ አበባና ናይሮቢ መሀል ለሚነግዱ ሰዎች ነው ያሰብነው። ኮዱ ሰባት ወር ፈጀ። የፈቃዱ ወረቀት ግን ኮዱን አስረጀው። አንድ ቢሮ ያንኑ ሰነድ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀን ቤቴ ገብቼ ጻፍኩ።

ያልኩት ይሄን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ፊንቴክን (የገንዘብ አገልግሎትን በቴክኖሎጂ የሚሰጡ ድርጅቶችን ማለቴ ነው) የሚገድለው የገንዘብ እጥረት ሳይሆን ደንብ ነው። ኬንያ በ2007 ኤምፔሳን፣ በስልክ ገንዘብ የሚላክበትን አገልግሎት፣ ስትጀምር ሕግ አልነበራትም፤ ስለዚህ ተሳካላት። እኛ መመሪያ አስቀደምን፤ ስለዚህ ኋላ ቀረን። ደግሞ አንድ ሀገር ያወጣኸው ፈቃድ ድንበሩን ስታልፍ ተራ ወረቀት ነው። ተሳስተሃል የሚል ካለ ይምጣ አልኩ።

መጡ። አሁን አዲስ ለሚገባ ሰው መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ። የተሰዳደባችሁበትን ዘልያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ለምን ይሄን አስቀድሜ እንደምናገር 4ኛው መልስ ላይ ይገባችኋል።

1ኛ መልስ

የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነበር። አይዟችሁ ብሎ ጀመረ። ከዚያ እኛ ገና ሳንወለድ (በሥራው ማለቴ ነው) ይሄን መንገድ የሄዱትን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች አነሳ፤ ኤም-ብርንና ሄሎካሽን። ብሔራዊ ባንክ በ2012 የሞባይልና የወኪል ባንክ አገልግሎት መመሪያ ሲያወጣ በሩን የከፈተው ለባንኮችና ለማይክሮፋይናንሶች ብቻ ነበር። ቴክኖሎጂውን ያመጡት ድርጅቶች በራሳቸው ስም ፈቃድ አይወስዱም ነበር። ስለዚህ ኤም-ብር ከክልሎቹ የብድርና ቁጠባ ተቋማት ጀርባ፣ ሄሎካሽ ደግሞ ከሶማሌ ማይክሮፋይናንስና ከባንኮች ጀርባ ቆመው ሠሩ።

ሰውዬው ያኔ ሥራው በየገጠር ከተማው ወኪል መመልመል ነበር። አንድ ባለሱቅ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ እምቢ ተብሏል። በአራተኛው የተቋሙን ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ይዞ ሄደ። ባለሱቁ ማኅተሙን እንዳየ ፈረመ። የመተግበሪያውን ስም ግን እስከ መጨረሻው በትክክል አልጠራውም። ደንበኛው የተቋሙ ነው፣ ስሙም የተቋሙ ነው፤ ለሠራው ሰው የቀረው ኮሚሽን ነው። እንደሱ አባባል ድግሱን እነሱ ደገሱ፣ ሙሽራው ሌላ ሆነ።

2ኛ መልስ

ይሄኛው ጨዋ አልነበረም፤ ትክክል ግን ነበር። ኬንያ ሕግ አልነበራትም ማለት ተቆጣጣሪ አልነበራትም ማለት አይደለም አለ። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ለስልክ ኩባንያው ለሳፋሪኮም አልቃወምም የሚል ደብዳቤ ሰጥቶ ነው ኤምፔሳ የተጀመረው። ደብዳቤው ዝም ብሎ አልተሰጠም። የደንበኛው ገንዘብ በአደራ ሒሳብ ንግድ ባንክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሳፋሪኮም አይነካውም። በ2008 መጨረሻ ላይ ባንኮቹ አቤት ሲሉ የፋይናንስ ሚኒስቴሩ ምርመራ አዘዘ፤ ኤምፔሳ ግን ከምርመራው በሰላም ወጣ። የክፍያ ሥርዓት ሕጉ የመጣው በ2011፣ ዝርዝር ደንቡ ደግሞ በ2014 ነው።

በሌላ አነጋገር እዚያ መጀመሪያ ልጁ ተወለደ፣ ከዚያ ልብሱ ተሰፋ። እኛ ጋ መጀመሪያ ልብሱ ተሰፋ፣ ልጁ ሲመጣ ጠበበው። ይሄ የኔ አባባል ነው እንጂ የሱ አይደለም። የሱ ሳታነብ አትጻፍ የሚል ነበር። ተቀብያለሁ።

3ኛ መልስ

ከሁሉም የተማርኩት ከዚህኛው ነው፤ ረዘም አድርጌ ላስቀምጠው። የጻፈችው አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ የሞባይል ገንዘብ ሒሳብ የምታስታርቅ ሴት ናት። ወንድሜ እያለች ነው የጻፈችው፤ ግን ወንድሜ የሚለው ቃል አንዳንዴ ከስድብ ይከብዳል።

ሥራዋን በዝርዝር ነገረችን። አመሻሽ ላይ ሁለት ቁጥሮች ፊቷ ይመጣሉ። አንዱ በሰው ሁሉ ስልክ ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክ ብር ድምር ነው። ሌላው ባንክ ውስጥ ለዚያ ተብሎ የተቀመጠው ጥሬ ገንዘብ ነው። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ ማንም ቤቱ አይሄድም። አንድ ቀን በአንድ ወኪል ሁለት ጊዜ በተመዘገበ 300 ብር ምክንያት እስከ ማታ አራት ሰዓት ተቀምጠዋል። ልጇን ጎረቤት ከመዋእለ ሕፃናት ወስዳላታለች።

ከዚያ ጥያቄውን ወደኔ አዞረችው። ደንብ ባይኖር ያንን ድምር ማን ነው የሚጠብቀው? መተግበሪያው የሱ የሆነ ልጅ? ገንዘቡ ሲያድግና ኪራዩ ሲደርስ፣ ሠራተኛ ደሞዝ ሲጠይቅ፣ ያ ሁሉ ብር ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲያይ?

እውነቱን ልናገር። እኛም አንድ ቀን የቢሮው ኪራይ ሲያጥረን፣ ሥራ ከጀመርን በኋላ ከደንበኛ ገንዘብ ለሁለት ሳምንት መበደር ይቻል ይሆን ብለን አውርተናል። ገንዘቡ ገና አልነበረም እንጂ ሐሳቡ ነበረ። ይሄን ክሩ ላይ ስጽፍ ሦስት ሰው ሳቀብኝ። እሷ ግን አልሳቀችም።

4ኛ መልስ

ግማሽ ቀን የበላን ይሄ ነው። አንድ ሰው መጥቶ 1ኛው መልስ ውሸት ነው አለ። የ2012ቱ መመሪያ ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶችም በር ከፍቷል፤ ራሴ አንብቤዋለሁ አለ። 1ኛው ሰው ደግሞ እኔም አንብቤዋለሁ፤ አልከፈተም አለ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር! አንዱ የሚያወራው በፈረንጅ 2012 ስለወጣው ነው። ሌላው የሚያወራው በኛ 2012፣ ማለትም በፈረንጅ 2020 ስለወጣው ነው። አሥራ አንድ ኮሜንት ካለፈ በኋላ ነው የነቃነው።

ከጭቅጭቁ የተረፈው ቁምነገር ይሄ ነው። በ2020 ብሔራዊ ባንክ ሁለት መመሪያ አወጣ፤ አንዱ የክፍያ ሰነድ (ለምሳሌ ዋሌት፣ ስልክ ውስጥ ያለ የገንዘብ ቦርሳ) ለሚያወጡ፣ ሌላው የክፍያ ሥርዓት ለሚያንቀሳቅሱ። ከዚያ በኋላ ባንክ ያልሆነ ድርጅት በራሱ ስም ዋሌት ማውጣት ቻለ። ለዚያ ግን 50 ሚሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ያስፈልጋል። ብድርና ቁጠባ መስጠት ከፈለገ ፈቃድ ካለው የፋይናንስ ተቋም ጋር ተጣምሮ ነው። የውጭ ባለሀብት ደግሞ ያኔ አይገባም። 50 ሚሊዮን ብር የምትለዋን ሳነብ የቢሯችንን አራት ወንበሮች ቆጠርኩ።

5ኛ መልስ

ሞያሌ ያደገ ልጅ ነው። አክስቱ ድንበሩ ላይ ትነግዳለች። ሽርጧ ላይ ሁለት ኪስ አሰፍታለች፤ በቀኙ የኬንያው ስልክ፣ በግራው የኢትዮጵያው። በቀኙ ሽልንግ ይገባል፣ በግራው ብር። የኬንያ ደንበኛ በሽልንግ ሲከፍላትና ዕቃ ያመጣላት ሰው ብር ሲፈልግ፣ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ የሚያሻግር ቁልፍ እሷ አታውቅም። ስለዚህ ከኬንያው ስልክ ጥሬ ሽልንግ ታወጣለች፣ ጥግ ላይ ለተቀመጠ መንዛሪ ትሰጣለች፣ ብሩን ተቀብላ ወደ ኢትዮጵያው ወኪል ትሄዳለች። በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ሁለት ጊዜ ኮሚሽን፣ አንድ ጊዜ ምንዛሪ። አሁን ሁለቱም ስልክ ላይ ያው አረንጓዴ የኤምፔሳ ምልክት አለ፤ አክስቱ ይሄ ነገር እስካሁን አይገባትም።

ልጁ ምንም አልተከራከረም። ይሄን ነግሮን ወጣ። ከክሩ ሁሉ ብዙ ልብ ያገኘው የሱ ነው።

6ኛ መልስ

ወዲያው ማረሚያ መጣ። ምልክቱ አንድ ቢሆንም ድርጅቱም ፈቃዱም ሁለት ነው አለ። የኬንያውን የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ይቆጣጠረዋል፤ የኢትዮጵያውን ብሔራዊ ባንክ። ደግሞ ከውጭ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ሐዋላ በስልክ መቀበል አዲስ ነገር አይደለም፤ ሕጉ ይወደዋል። ሕጉ የሚይዘው የሚወጣውን ነው። ይሄ የፊንቴክ ጉዳይ ሳይሆን የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው። በሐምሌ 2024 ምንዛሪው በገበያ ይመራ ሲባል ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እንዲህ ባለ ሀገር ማንም ማዕከላዊ ባንክ በስልክ የሚወጣ ገንዘብ ላይ ዓይኑን አይጨፍንም አለ። የጻፈው ደረቅ ነው፤ ግን ከኔ ንዴት ይልቅ ወደ ጉዳዩ የቀረበ ነበር።

7ኛ መልስ

እዚህ ላይ ክሩ ሞቀ። ደንቡ ለሁሉም እኩል ቢሆን ማን ይናደድ ነበር ብሎ ጀመረ። የመንግሥቱ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ። ያው የሳፋሪኮም ቡድን በዚያው ዓመት ለቴሌኮም ፈቃድ 850 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍል የሞባይል ገንዘብ አልተፈቀደለትም። በ2023 አዋጁ ተሻሻለ፣ የውጭ ባለሀብት ገባ። ለኤምፔሳ ደግሞ ሌላ 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ፤ ሥራ የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ አንዱ ብቻውን ሮጠ። ከዚያ በኋላ ተወዳደሩ ማለት ምንድን ነው አለ። የቀረውን ዘልያለሁ፤ ስለ ሰው እናት ነበር።

8ኛ መልስ

ለ7ኛው የተሰጠ መልስ ነው፤ ግማሹ ቁጣ፣ ግማሹ ቁምነገር። ቴሌብር ባይቀድም ሰው በስልክ መክፈልን ማን ያስለምደው ነበር አለች። ተጠቃሚው ከ50 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። መላ፣ እንደኪሴ፣ ሳንዱቅ የሚባሉት የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች በ2022 ሲጀመሩም ከጀርባ ዳሽን ባንክ ነበረ፤ ቴሌብር የመንግሥት ቢሆንም ከጥምረት ሕጉ አላመለጠም። የግሎቹም ቢሆኑ በዚያው በ2020 መመሪያ ነው በር ያገኙት፤ ካቻን፣ ቻፓን፣ አሪፍፔይንና ሳንቲምፔይን ጠቀሰች። እኔ የሁለቱም ሐሳብ ይገባኛል። ሁለት ዓመት መቅደም ግን ሁለት ዓመት መቅደም ነው።

9ኛ መልስ

እዚህ አንድ ሰውዬ ምንም ሳይል በቀጥታ ገባና ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ የደረሰበትን ጻፈ። ነዳጅ ከ2023 ጀምሮ በስልክ ነው የሚከፈለው። ሦስት ሺህ ብር ከሒሳቡ ተቆረጠ፤ የማደያው ስልክ ላይ ግን መልእክት አልገባም። ቀጂዋ አልደረሰኝም አለች፤ እሱ ይኸው ተቆርጧል ብሎ ስልኩን አሳያት። ከኋላ ክላክስ። በመጨረሻ ከኋላው የቆመ ሹፌር በራሱ ስልክ ከፈለለት፤ የማይተዋወቁ ሰዎች። ገንዘቡ እስካሁን አልተመለሰም፤ ስድስተኛ ቀኑ ነው አለ።

ከርዕሱ ወጥተሃል ያሉት ነበሩ። ከዚያ ግን ሁሉም የራሱን ተቆርጦ የቀረ ብር ማውራት ጀመረና ሃያ ኮሜንት ሄደ።

10ኛ መልስ

ናይሮቢ የምትኖር ልጅ መለሰችን። ደንብ ሳይኖር ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ አለች። ከአንድ የብድር መተግበሪያ ትንሽ ሽልንግ ተበድራ አራት ቀን አዘገየች። መተግበሪያው ስትጭነው የስልክ ቁጥሮቿን ሁሉ ወስዶ ነበር። በአምስተኛው ቀን የቀድሞ አለቃዋ ደወለላት፤ ልጅቷን ክፈይ በላት ተብሎ ተደውሎለት ነው። ከዚያ የቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አስተባባሪዋ ደወለች። መዝሙር ጥናት መሄድ ለሁለት ወር ተወች።

በታኅሣሥ 2021 የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ሕግ ተሻሽሎ የዲጂታል አበዳሪዎች በሱ ሥር ገቡ፤ ዝርዝር ደንቡ በመጋቢት 2022 ወጣ። የተበዳሪውን ወዳጅ ዘመድ መደወል ተከለከለ። ደንብ ገዳይ ነው የምትሉኝ እዚህ መጥታችሁ አንድ ወር ኑሩ አለች።

11ኛ መልስ

እሷን ሳይቃወም ሌላ ጎን አሳየ። እስከ መስከረም 2022 ድረስ ለኬንያ ማዕከላዊ ባንክ 288 ማመልከቻ ቀርቦ ፈቃድ ያገኙት 10 ብቻ ነበሩ። መጥፎውም ደጉም አንድ ወረፋ ላይ ቆመ። ትልቁ ጠበቃ ይቀጥራል፤ ትንሹ ወረፋ ላይ ያልቃል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ማዕከላዊ ባንኩ የክፍያ ኩባንያዎቹ ፍለተርዌቭና ቺፐር ካሽ በኬንያ ፈቃድ የላቸውም፣ ባንኮች ከነሱ ጋር አትሥሩ ብሎ ነበር። ከሌጎስ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ስማቸው የሚታወቅ ኩባንያዎች ናይሮቢ ሲደርሱ ከኛ እኩል ወረፋተኛ ሆኑ። ይሄን ሳነብ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ክፋት ነው።

12ኛ መልስ

ካምፓላ የሚሠራ ሰው ነው። ሁላችሁም ማዕከላዊ ባንክ ማዕከላዊ ባንክ ትላላችሁ፤ እኛን የመታን ግብር ሰብሳቢው ነው አለ። ዩጋንዳ በሐምሌ 2018 የሞባይል ገንዘብ ላይ 1 በመቶ ግብር ጣለች። ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ጥሬ ገንዘብ ተመለሰ። ከጩኸቱ በኋላ ወደ ግማሽ በመቶ ወረደና ወጪ በሚደረገው ላይ ብቻ ቀረ። ታንዛኒያም በሐምሌ 2021 በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ ቀረጥ ጥላ በሁለት ወር ውስጥ 30 በመቶውን ቀነሰች። ሱቁ ሥር ያለችው የወኪል ኪዮስክ ያን ሰሞን ቲማቲም መሸጥ ጀምራ ነበር፤ እስካሁንም ሁለቱንም ትሸጣለች።

13ኛ መልስ

ከሜሪላንድ። አሜሪካም እንደዚያው ነው፤ አትደነቁ አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ዲሲን አቋርጦ ፖቶማክን ቢሻገር አሌክሳንድሪያ ነው፤ ያለ ትራፊክ ግማሽ ሰዓት። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ገንዘብ አስተላላፊ ኩባንያ ሦስት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሜሪላንድ፣ የዲሲ፣ የቨርጂኒያ። በሌሎቹ ግዛቶችም ያው ነው፤ ከሞንታና በቀር። እናትህ ዘንድ ብር የሚልክልህ መተግበሪያ በአንዱ ግዛት ሠርቶ በሌላው አልሠራም ቢልህ ምክንያቱ ይሄ ነው አለ። አውሮፓ ኅብረት ግን በአንድ አባል ሀገር ፈቃድ ያወጣ በሌሎቹም ይሠራል። እንግሊዝ ስትወጣ የለንደኖቹ ይሄን አጡና ሊትዌኒያና አየርላንድ ሮጡ።

14ኛ መልስ

ሞያሌን ሊትዌኒያ እናድርጋት ብሎ ሄደ። ብቻውን ሳቀ።

15ኛ መልስ

ይሄኛው የመጣው ተስፋ ይዞ ነው። በየካቲት 2025 ኪጋሊ ላይ የጋናና የሩዋንዳ ማዕከላዊ ባንኮች አንዱ የሰጠውን የፊንቴክ ፈቃድ ሌላው የሚቀበልበትን መንገድ ለመዘርጋት ተስማምተዋል። ድንበር እንኳ የማይጋሩ ሀገሮች ናቸው። የተወሰኑ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላትም ከ2014 ጀምሮ ባንኮቻቸው በየራሳቸው ገንዘብ እርስ በርስ ክፍያ የሚፈጽሙበት ሥርዓት አላቸው። ኢትዮጵያ ግን የዚያ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። 6ኛው ሰው ተመልሶ መጥቶ ስምምነት ሌላ፣ ምንዛሪ ሌላ አለ። እሱን የሚመልስለት አላገኘንም።

16ኛ መልስ

እኔ ነኝ። ሕግ ስላልነበረ ተሳካ ያልኩትን ሰርዣለሁ። ስለ ድንበሩ ያልኩትን አልሰረዝኩም፤ የክሩንም ርዕስ በሱ ቀየርኩት። ሐሙስ ዕለት አራታችን ተሰብስበን ፈቃድ መጠየቁን ለጊዜው ተውነው። ከአንድ ባንክ ጀርባ ቆመን እንሠራለን። ስማችን አይወጣም፤ ኮሚሽን እናገኛለን። 1ኛው ሰው ይሄን አይቶ ሳቅ ብቻ ላከ። ቀጥሎ ደግሞ በግል መልእክት የውል ረቂቅ ስታዩ ደንበኛው የማን ነው የምትለዋን አንቀጽ ቀድማችሁ ፈልጉ አለኝ።

17ኛ መልስ

የባንኳ ሴት ተመልሳ መጣች፤ ለኔ ግን አልነበረም የጻፈችው። የነዳጁን ሰውዬ ገንዘቡ ተመለሰ ወይ ብላ ጠየቀችው። የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ከ2020 ጀምሮ አለ፤ አቤቱታህን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አስገባ፣ የተቀበሉበትን ቁጥር ጠይቅ፣ የተቆረጠበትን መልእክት እንዳታጠፋው አለችው።

በማግሥቱ መለሰ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሦስት ሺው ሙሉውን ገብቶለታል። አሁን ያስቸገረው ሌላ ነው፤ ማደያው ላይ የከፈለለት ሹፌር ስልክ ቁጥሩን አልተቀበለውም ነበር። ሰማያዊ ሚኒባስ ነው፣ ከመገናኛ ይጭናል፤ የሚያውቀው ካለ ይንገረኝ ብሏል።